ወገቧን የተበየደች ብስክሌት

የነቀምቴ ሰው ደግ ነው። ይህን የምለው ለሙገሳ እንዳይመስላችሁ፤ ለማስጠንቀቂያ ነው። ጃንጥላችሁ አንድ ሽቦ ተነቅሎበት በገበያው በኩል ብታልፉ፣ ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የሚል አንድ ሰው ከእጃችሁ ተቀብሎ ሲያስተካክለው ታገኙታላችሁ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ክፋቱ፣ ያልተበላሸውንም ይጠግኑላችኋል።

የእኔ ብስክሌት ከፊትም ከኋላም ሞላ ካላቸው የተራራ ብስክሌቶች ከመጀመሪያዎቹ ዘር ናት። ዓይነቱ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን አንድ ፈረንጅ ይዟት መጣና ሲሄድ ለእኔ ትቷት ሄደ። ከወገቧ ወዲያ ያለው አካሏ ለብቻው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጉድጓድ ሲመጣ ጉድጓዱን እሷ ትውጥና እናንተ ቀና ብላችሁ ታልፋላችሁ። መለዋወጫ የሚባል ነገር የላትም። የኋላ ሞላዋ ጎማ ሲበሰብስ፣ በረባሶ ከሚሠራ ሰው የመኪና ጎማ አስቆርጬ ተካሁላት። የወገቧ መታጠፊያ ሲላላ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ከተትኩበት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ባለቤቴ ጫልቱ ግን አትወዳትም፤ ሳሎን ውስጥ ነዋ የምትቆመው። አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና፣ «ቅዳሜ ዲጋ የወንድሜ ቤት ይመረቃል። በእሷ ከደረስክ ትኑር። መንገድ ላይ መኪና ከለመንክ ግን ለቁራሌው ነው የምሰጣት» አለችኝ። የጫልቱ ፍርድ ይግባኝ የለውም።

ዓርብ ዕለት ለሰንሰለቷ ቅባት ልገዛ ወጣሁና ብስክሌቷን ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ ደጃፍ አቆምኳት። ኦቦ ገመቹ የብረት በር ይበይዳል። ቅባቱን ይዤ ስመለስ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ደስ ብሎት ጠበቀኝ።

«ባርሲሳ፣ ወገቧ ተሰብሮ እንዴት ዝም ትላለህ? ሲነኳት ትንቀሳቀሳለች እኮ!»

በይዶታል። መታጠፊያዋን ከነቧንቧዬ ድርቅ አድርጎ በይዶታል። ለባርሲሳ፣ ለአስተማሪ ነው ብሎ ሒሳብም አልቀበልም አለ። ምን ትላላችሁ? «ገለቶማ» ብዬ አመስግኜ ወሰድኳት። ላስቆርጠው ብልስ ማን ይቆርጥልኛል? ያው እሱ ነው።

በነጋታው ወደ ዲጋ ወጣሁ። የተቦረቦረው አስፋልት ላይ ያለውን ጉድጓድ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ በምን እንዳወቅሁት አትጠይቁኝ። ሚኒባሶች ፍጥነት እየቀነሱ «ዲጋ! ዲጋ!» ሲሉኝ ዓይኔን ጨፍኜ አሳለፍኳቸው። ደረስኩ። ቀድማኝ በመኪና የመጣችው ጫልቱ ከበሩ ላይ ሆና አየችኝ፣ አረማመዴንም አየች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ወንበር ቀረበ። «ታኣ፣ ባርሲሳ፣ ይቀመጡ እንጂ» አሉኝ የጫልቱ አጎት፣ የቤተሰቡ ታላቅ።

«ግድ የለም፣ አባቶች ባሉበት መቆም ይሻለኛል» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የዛሬ አማች ገና ከመግባቱ እግሩን አነባብሮ በሚቀመጥበት ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ተገኘ ብለው ልባቸው ተነካ። ምሳውንም ቆሜ ስበላ ጭራሽ አከበሩኝ። ቤቱ ሲመረቅ አጎትየው ስለ ቤቱ ጸልየው ሲያበቁ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ይህን ትሑት አማቻችንን በዚህችው ብስክሌት በየወሩ ያምጣልን።»

ቤቱ ሁሉ አሜን አለ። የጫልቱ አሜን ከሁሉም ጎልቶ ይሰማ ነበር። አሜን የማይባል ምርቃት የለምና እኔም አልኩ።

ሰኞ እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ኦቦ ገመቹ ዘንድ ሄድኩ። ዲጋ ድረስ ሄጄባት እንደመጣሁ ስነግረው፣ ቁረጥልኝ ከማለቴ በፊት ፊቱ በደስታ በራ።

«ይዟላ!» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የፊቷን ሞላ ጫን ለቀቅ አደረገና፣ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ።

«ይኸኛውም ይነቃነቃል እኮ፣ ባርሲሳ።»