ሊቀ መንሸራተት ዊብረን

በምድር ላይ ዝናብ የማያውቀው መንደር ይኖራል እንጂ «ይህ ቃል ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?» የሚል ጎረቤት የሌለው መንደር የለም። «እንደምን አደሩ» ብለህ ልታልፍ ስትል ስለ «አደሩ» አስተምሮህ ሲያበቃ መሽቶ ያገኝሃል። ለእኛ በሰሜን አውሮፓ ላለችው ለፍሪስላንዷ ትንሽ መንደር ሰዎች የደረሱን ክቡር ዊብረን ናቸው።

ክቡርነታቸው ጡረታ እስኪወጡ አውቶቡስ ነጂ ነበሩ። ማይክሮፎኑን የሰጣቸውን ሰው እግዚአብሔር ይቅር ይበለው። ተሳፋሪው የቃላትን ዘር ማንዘር ሲሰማ መውረጃውን ያልፋል፤ አማቴ ጥርሷን ልትነቀል ወጥታ የመርከብ ወደብ ላይ ተገኝታለች።

ከቃላት ሁሉ ልባቸውን የሰረቀው «ኽላይደን» ነው፤ በእኛ ቋንቋ ልስልስ ብሎ መንሸራተት ማለት ነው። በረዶ ላይ የሚሄድ ሰው፣ ኩሬ ላይ የምትንሳፈፍ ዳክዬ፣ ከሳህን የምታመልጥ ዓሣ፣ ሁሉም በዚያው ቃል ይስተናገዳሉ።

«ጀርመኖቹም አላቸው፣ እንግሊዞቹም አላቸው፤ ያንድ አያት ልጆች ናቸው!» ይላሉ። ከዚያ ድምፃቸው ይሰበራል። «የአያትየው አባት ግን አይታወቅም። ማንም አያውቅም።» ይህን ሲሉ ዘመድ የሞተባቸው ይመስላሉ። የአተር ሾርባ የምትሸጠው ባውክየ አንድ ቀን እጃቸውን ይዛ አጽናንታቸዋለች።

የበረዶ መንሸራተት ማኅበራችን አዲስ ሊቀመንበር ሲፈልግ ዊብረን በስብሰባው ላይ ስለ ኽላይደን ተናገሩ። ወደ ቤታችን መሄድ ስለፈለግን መረጥናቸው። በእነዚያ ዓመታት ብርዱ ለዘብ ያለ ስለነበር ውሃው በረዶ አልሠራም፤ ስለዚህ በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ያያቸው ሰው መኖሩን የጠየቀ አልነበረም። የፍሪስላንድ ሰው አይደሉ እንዴ? ዳክዬ ትዋኛለች ወይ ተብሎ ይጠየቃል?

ዘንድሮ ብርዱ ጠና፤ ውሃ የለቀቅንበት የላም መስክ መስተዋት ሆነ። በመንደራችን ልማድ ሊቀመንበሩ ብቻውን አንድ ዙር ሄዶ ሳይመለስ ማንም በረዶውን አይረግጥም። መንደሩ በሙሉ የመንሸራተቻ ጫማውን አስሮ ዳር ላይ ተሰለፈ። ክቡርነታቸውም አዲስ ጫማ አድርገው አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ንግግር ጀመሩ። ጀርመኖቹን ጨረሱ። እንግሊዞቹን ጨረሱ። ወደ ስዊድኖቹ ተሻገሩ።

«ጋሼ ዊብረን፣ አፍንጫዬ ሊወልቅ ነው! ይሂዱ እንጂ!» ባውክየ ጮኸች።

«ስዊድኖቹን ልጨርስ፣ እመቤቴ!»

«ስዊድኖቹ ይቆዩልን! በረዶው ነገ ይሟሟል!»

ጠጋ ብዬ ሳይ አግዳሚውን በሁለት እጃቸው አንቀው ይዘውታል።

«ምን ሆኑ?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«በረዶ ላይ ሄጄ አላውቅም።»

«ዘንድሮ?»

«ከተወለድኩ! ልጅ ሳለሁ ፈራሁ፣ ካደግሁ በኋላ አፈርኩ። አሁን ካወቁብኝ ከማኅበሩ ያባርሩኛል። ከዚህ ማኅበር ሌላ ማን አለኝ?»

ያን ሁሉ ዓመት ያደነቆሩኝ ሰውዬ አንጀቴን በሉት። እኛ አገር ሕፃን በረዶ ላይ መሄድ የሚማረው የወጥ ቤት ወንበር ከፊቱ እየገፋ ነው። ከባውክየ ድንኳን ወንበር ነጥቄ ሕዝቡ ፊት ቆምኩ።

«ክቡራትና ክቡራን! ሊቀመንበራችን ዘንድሮ በረዶውን የሚከፍቱት በጥንቱ ሥርዓት ነው!» አልኩ፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት ኖሮ አያውቅም።

ባውክየ አየችኝ፣ ወንበሯን አየች፣ ገባት። «አያቴ የሚያወሩት ይሄንን ነበር!» ብላ ዓይኗን ጠረገች።

ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ክቡርነታቸው ወንበሩን እየገፉ ወጡ። ወገባቸው ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ሁለት ጊዜ ወንበሩ ላይ በሆዳቸው ተኙ፤ ሕዝቡ ይህንንም ከሥርዓቱ ቆጠረው። ከወዲያኛው ጫፍ ሲመለሱ ግን እግራቸው መንፈራገጡን ተወ፤ ወንበሩም እሳቸውም ያለ ድምፅ ልስልስ ብለው መጡ። አፋቸው ተከፍቷል፣ ግን ምንም አይናገሩም።

ከዚያ በኋላም አልተናገሩም። በረዶው ሟሟ፣ እሳቸው ዝም። ዳቦ ቤት ውስጥ ማንም ማንንም አላስተማረም፤ ሁላችንም በጊዜ ቤታችን እየገባን ምን እንደምንሠራ ጠፋን። እኔ በበኩሌ አልቻልኩም፤ ናፈቁኝ። ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ጋሼ ዊብረን፣ ‹ወንበር› የሚለው ቃል ከየት መጣ?»

በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ።

«ጊዜ አለህ?» አሉኝ።

ምሳዬን ምድጃ ላይ ጥጄ ነበር የመጣሁት። «ሞልቶ» ብዬ ካፖርቴን አወለቅሁ።