እንድሬ ሽጉጥ ሲመርጥ

ወንድ ልጅ ሃምሳ ስምንት ዓመት ከሞላው በኋላ ድንገት አዲስ ነገር ካማረው ሚስቱ ሁለት ነገር ትጠረጥራለች። ወይ ሁለተኛ ሚስት፣ ወይ ሁለተኛ ሱቅ። የእኔው ባል፣ አላህ ይማረውና፣ ከሁለቱም የራቀ ሆኖ ተገኘ። ሽጉጥ አማረው። ሁለተኛ ሚስት ብትሆን ይሻለኝ ነበር አልልም፤ ግን ለአንድ ሰዓት ያህል አስቤበታለሁ። ቢያንስ እሷ ሳይነኳት አትተኩስም።

ስሙ እንድሪስ ነው፤ እኔ እንድሬ ነበር የምለው። ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ነው ቤታችን። ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ይህን የምጽፈው እንዳልረሳው ነው። ሰው ሲሞት ደግነቱ አይጠፋም፤ ደግነቱንማ ለቅሶ ላይ ሁሉም ያወራዋል። የሚጠፋው ቂልነቱ ነው። እኔ ደግሞ የሰላሳ ዓመት ቂልነት ብቻዬን ይዤ ቀርቻለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ሥሩ ሐረጎ ላይ ነው። እንድሬ በየሳምንቱ ኮምቦልቻ ወርዶ ጨርቅ ያመጣል። አንድ ቀን ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ሐረጎ ዳገት ላይ ተበላሸ። ሌላው ተሳፋሪ ጥላ ይዞ ተቀመጠ። እንድሬ መቀመጥ የት ያውቃል? በአቋራጭ በእግሬ እቀድማችኋለሁ ብሎ ከዘራውን ይዞ ወጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ሁለት ጎረምሶች ጥሻው ውስጥ ቆመው ጠበቁት።

አይደንግጡ አባቴ፣ አሉት። ስልኩን ተቀበሉት። ሰዓቱን አስፈቱት። ጃኬቱን ሲያወልቅ እጅጌው ቢይዘው አንደኛው ቀስ ይበሉ፣ ትከሻዎን እንዳያምዎ ብሎ አገዘው። ከሄዱ በኋላ ያው ልጅ ተመልሶ መጣና የወደቀውን ከዘራ አንስቶ ሰጠው። ዳገት ነው፣ ይደገፉበት አለው።

እንድሬ ቤት ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። መቱህ ወይ ብዬ ስጮህ የለም አለ። ገፈተሩህ ወይ? የለም። ታዲያ ምን ሆንክ?

«በ‘እርስዎ’ ዘረፉኝ» አለኝ።

አንተ እያሉ ቢዘርፉት ወንድ ለወንድ ይሆን ነበር። እነሱ ግን እንደ አባት አክብረው፣ እንደ ሕፃን አውልቀው ሸኙት። ይሄ ነው የገደለው። እኔም ሚስት ነኝና፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ በኋላ ኮምቦልቻ መውረድ ቀረ። ዛሬ ጉልበቴን አመመኝ፤ ነገ ዝናብ አለ፤ ከነገ ወዲያ ገበያው ቀዝቅዟል። አንድ ጠዋት ለብሶ ወጣ፤ ተመስገን ወረደ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ መናኸሪያ ድረስ ሄዶ፣ የመኪናውን በር ይዞ ቆሞ፣ ተመልሶ መጥቷል። ጎረቤቴ አይታው ነገረችኝ። እሱ ግን ሙዝ ገዝቶ ገባና የኮምቦልቻ ሙዝ ነው አለኝ። በላሁለት። ምን ላድርግ? ሰው ሲፈራ ብዙ አይቻለሁ፤ የገዛ ባል ሲፈራ ማየት ግን ሌላ ነው። የሱቁ መደርደሪያ ባዶ እየሆነ ነበር። መደርደሪያውስ ይቅር፤ ሰውየው ባዶ እየሆነብኝ ነበር።

ታዲያ የአጎቱ ልጅ ይማም ከቢስቲማ መጣ። ይማም የቀድሞ ወታደር ነው። ስለ መሣሪያ ሲያወራ ሽምግልና የተላከ ይመስላል፤ ዘሯን፣ ቁመናዋን፣ ጠባይዋን አንድ በአንድ ነው የሚነግርህ። የመጀመሪያ ሽጉጥ እንደ ሚስት ናት ብሎ ጀመረና እኔን አየት አድርጎ እንደ ጫማ ናት አለ። በልክህ ካልሆነች ትልጥሃለች።

እኔ ተቃወምኩ። ብረት አይጠብቅም፣ አላህ ነው የሚጠብቅ አልኩ። ይማም ልክ ነሽ ዘሀራ፣ ታዲያ የሱቁን በር ለምን ትቆልፉታላችሁ አለኝ። መልስ ሲጠፋኝ ደግሞ ምሳ አቀርባለሁ።

እንድሬ ፈቃዱን በወጉ አወጣ። ሁለት ጎረቤት ብቻ ጠባዩን መሰከሩለት። እንደ እሱ ዓይነት ሰው ላይ ክፉ መመስከር በቅሎ ከመውለድ ይከብዳል። ከዚያ መምረጥ ተጀመረ። ሕጋዊ ወረቀት ያላቸው ሻጮች በይማም በኩል ይመጣሉ፤ ሳሎኔ የሽጉጥ ገበያ ሆነ።

እንድሬ ዓይኑ ያረፈው ፊልም ላይ ባየው ላይ ነበር፤ ሆዱ በሚሽከረከረው ባለ ስድስቱ። ይማም እንዲህ ያለውን አያቶች ይያዙት ብሎ ናቀበት። የዛሬ ሰው አንዱን ሲተኩስ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርሰውን ነው የሚይዝ አለ። እኔም በዚህ ቤት ራሱን የሚያጎርስ ወንድ ከተገኘማ ግቡ በሉት አልኩ። አልሳቁልኝም። ወንዶች መሣሪያ ፊት ሲቀመጡ ቀልድ ይጠፋባቸዋል።

ሁለተኛው ትልቅ ነበር። ይማም ከነጥይቱ አንድ ኪሎ ይሆናል አለ። እንድሬ አንድ ኪሎ ወገብ ላይ እንዴት እንደሚሆን ልሞክረው ብሎ ከጎረቤቱ እህል ነጋዴ የአንድ ኪሎ የሚዛን ብረት ተዋሰ። እሱን ሱሪው ውስጥ ሸጉጦ ሦስት ቀን ዋለ። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ። በሦስተኛው ቀን ብረቱ በሱሪው እግር ሾልኮ ወርዶ አውራ ጣቱ ላይ አረፈ። ሱቅ ያሉት ሲጠይቁት ሪህ ነው አላቸው። እህል ነጋዴው ግን ብረቱን ፈልጎ ሲመጣ እንድሬ ከሱሪው ውስጥ ሲያወጣው አየ። ከዚያ ወዲያ ለሳምንት ያህል በሩቁ ነበር ሰላም የሚለው።

ሦስተኛው ትንሽ ነበር፤ መዳፍ ውስጥ ጥፍት የሚል። እንድሬ ይቺ ናት አለ። ይማም ባዶ መሆኑን ሦስት ጊዜ አይቶ ሰጠው። እንድሬ ጣቱን ቃታው ጋ አስገባ። ጣቱ ገባ። አልወጣም። የጨርቅ ነጋዴ ጣት ሰላሳ ዓመት ጥቅል ሲያገላብጥ ወፍሯል፣ ብረቱ ደግሞ የተሠራው ለቀጭን ሰው ነው። ሻጩ ቀስ በሉ፣ አትሳቡት ይላል። ይማም ይዞራል። በሳሙና አሽቼ እኔ ነኝ ያወጣሁት። ሰርጋችን ዕለት ቀለበቱን ካስገባሁለት ወዲህ ጣቱን እንዲያ ይዤው አላውቅም።

እንግዲህ መካከለኛውን ገዛ። ከትልቁ ያነሰ፣ ከትንሹ የሚበልጥ። ይማም ሦስት ቀን ከቢስቲማ እየተመላለሰ አቀባብል፣ አውጣ፣ ጣትህን ከቃታው አርቅ እያለ አሠለጠነው። ተገላገልን ስል ሌላ ጣጣ መጣ። የእኛ ሰው ቤት ሲገባ ሽርጥ ነው የሚለብስ። ጁምዓም በሽርጥ ነው። ሽርጥ ቀበቶ የለው፣ ኪስ የለው፤ በአንድ ቋጠሮ ነው የሚቆም። መሣሪያ የሠሩት ሰዎች ሽርጥ ለባሽ አላሰቡም። እንድሬ ቋጠሮው ላይ ሰክቶት ጓዳ ሊገባ ሲል ሽርጡም ሽጉጡም አብረው ወረዱ። ሶላት ላይ ሱጁድ ሲወርድ ደግሞ ሆዱን ይወጋዋል፤ ቀና ሲል ወለሉን ይደቃዋል።

ተቃዋሚዋ ማን ነበረች? እኔ። ኪሱን የሰፋችለትስ? እኔው። ከወፍራም ጅንስ ቁራጭ ሰፊ መቀነት ሠራሁለት፤ በስተግራ ኪስ አለው፣ ኪሱ ክዳን አለው፣ ክዳኑ ሁለት ቁልፍ አለው። ይማም አይቶ ስፌቱ ግሩም ነው፣ ግን ሽፍታ ሲመጣ ሁለት ቁልፍ እስኪፈታ ማን ይጠብቀዋል አለ። እንድሬ በእርጋታ እነሱማ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ይጠብቁኛል አለው። ከዘረፉት ወዲህ በዚያ ነገር ሲቀልድ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ኪሱን በመስፋቴ አልተቆጨሁም።

አሁን ዋናውን ስህተት ልንገራችሁ። የተደበቀ መሣሪያ ምሥጢሩ መደበቁ ነው አይደል? በእኛ አገር ግን አዲስ ነገር ዱዓ ሳይደረግለት አይነካም። ላም ሲገዛ ዱዓ፤ መኪና ሲገዛ ዱዓ፤ ስፌት መኪናዬ እንኳ ተመርቋል። እንድሬ ታዲያ ሽጉጡን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ዱዓ ከሚያደርግበት ሸኽ ሁሴን ቤት ይዞት ሄደ። ሰባ ሰው መሃል ዘረጋው። ማንም እንዳያውቅብኝ ብሎ የገዛውን።

ሸኽ ሁሴን እድሜ የጠገቡ፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው ናቸው። ምንድን ነው ብለው ዳሰሱት። ሲነገራቸው እጃቸውን ዘረጉ። ያረቢ፣ ይዞት በሰላም ይውጣ፤ አሚን። ይዞት በሰላም ይግባ፤ አሚን። ጥይቱ እዚያው ይዛግ፤ አሚን። ጠላቱም በእሱ ላይ ያነሳው ይዛግ፤ አሚን። እንድሬ ከሁሉም በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሚን ብሏል። ያለውን ያሰበው ቤት ደርሶ ነው። ይማም ሰምቶ ጭንቅላቱን ያዘ፤ ሰው ጥይቱ እንዲዛግ እንዴት አሚን ይላል አለ። እንድሬም ሸኹ ጀምረውት እኔ ልቀር ነው ወይ አለ።

በማግስቱ ደሴ ሙሉ አወቀ። ሰው ሰላም ሲለው ትከሻ የሚገጨው በቀኝ በኩል ብቻ ሆነ፤ ሽጉጡ በስተግራ ነዋ። ደንበኞች ዋጋ ሳይከራከሩ መክፈል ጀመሩ፤ እሱ ግን አፍሮ ራሱ ይቀንስላቸዋል። ከሁሉ የገረመኝ ጫማ ነጋዴው ሐሰን ነው። መጣና ቀስ ብሎ፣ እንድሬ ኮምቦልቻ መቼ ነው የምትወርድ፣ አብሬህ ልውረድ አለው። ለካ ሐሰንም ሐረጎን ፈርቶ ከርሟል። በሁለተኛው ቀን ሌላ ሁለት ነጋዴ ተጨመረ። ማክሰኞ ማክሰኞ አራት ሆነው ይወርዱ ጀመር።

ሦስቱ ታጣቂ አለን ብለው በእሱ ይተማመናሉ። እሱ ደግሞ ሦስት ሰው አብሮኝ አለ ብሎ በእነሱ ይተማመናል። ሁለቱ ቁልፍ አንድ ቀን አልተፈታም። አንዴ ጠየቅሁት፤ የምርህን፣ ቢመጡ ትተኩሳለህ? አሰበ። ወላሂ ዘሀራ አልተኩስም አለኝ። ግን አሁን መኪና ውስጥ መስኮት በኩል ነው የምቀመጠው፤ መጀመሪያ ሰሞን ሐረጎን ላለማየት መሃል እቀመጥ ነበር። ሸጋ አገር ነው እኮ፣ ሰላሳ ዓመት ሳላየው ተመላለስኩ አለኝ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ወረደ፣ ወጣ። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ለሐረጎ ነበር። ሞት ግን በሐረጎ አልመጣም። ጠዋት ሱብሒ ሰግዶ፣ ትንሽ ልጋደም ብሎ፣ ከገዛ አልጋው አልተነሳም። ልቡ ነው አሉ። ሽጉጡ ሁለት ክንድ ርቆ ተሰቅሎ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። የፈራሁት ደረሰ። የጠላሁት ደግሞ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አራት ወር ከአሥር ቀን የሐዘኔን ጊዜ፣ ዒዳዬን፣ አብሮኝ ተቀመጠ። ሰው ሊያጽናናኝ ሲመጣ አብሽሪ፣ አብሽሪ ይለኛል። ሐሰን ግን አቀርቅሮ፣ እንግዲህ በማን ተማምነን እንወርዳለን አለ። ለወጉ ያህል ያለው መስሎኝ ነበር። ኋላ ስሰማ እሱም ሌሎቹ ሁለቱም መውረድ ትተዋል። የእኛም መደርደሪያ እንደገና ባዶ ሆኗል። ሱቁ አሁን የእኔ ነው። ሴቶች ልጆቻችን አግብተው ሩቅ ናቸው።

ዒዳዬ ሲያልቅ የሟች መሣሪያ ለፖሊስ ይመለሳል ስለተባልኩ ከይማም ጋር ይዤው ሄድኩ። መዝገብ የያዘው ፖሊስ ወጣት ነው፣ ሥርዓት ያለው። አላህ ያጽናዎት እናቴ አለኝ። ቁጥሩን ከፈቃዱ ጋር አስተያየ። ስንት ጊዜ ተተኩሷል ብሎ ጠየቀ። አንድም ቀን አልኩት። ጥይቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ አገላብጦ አየና በደንብ ተይዟል፣ አንዱም አልዛገም አለ። ሸኽ ሁሴን ይህን እንዳይሰሙ ብዬ በሆዴ ዱዓ አደረግሁ።

ከዚያ ወራሽ የሚፈልገው አለ ወይ፣ ወይስ ገቢ ይደረግ ብሎ እስክሪብቶውን አዘጋጀ። መልሴን ከቤት ነበር አዘጋጅቼ የመጣሁት። ብረት አይጠብቅም፣ አላህ ነው የሚጠብቅ፤ ውሰዱልኝ ልል ነበር። ዓመታት ሙሉ ያልኩት ነገር ነው። አፌን ከፈትኩ። ማክሰኞ ትዝ አለኝ። ሐሰንና ሁለቱ ሰዎች መናኸሪያ የመኪና በር ይዘው ቆመው ታዩኝ፤ እኔም አብሬያቸው በር ይዤ።

«ወራሿ እኔ ነኝ» አልኩት። «ግን ይሄ ለእጄ ይከብዳል። ቀይሬ ቀለል ያለ ብወስድ ይፈቀዳል ወይ?»

ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔን አየ፣ ይማምን አየ። ይማም እንደሚቆጣ ነበር የጠበቅሁት። እሱ ግን ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እስቲ መዳፍሽን ዘርጊ» አለኝ።