ጉብታ ላይ የቀረ ሽምግልና

ልክ አሁን የደረሳችሁ እንደሆነ የምታዩት ይህን ነው። ሰሚት ውስጥ፣ አንድ ግቢ በር ፊት ለፊት፣ ቀይ የስፖርት መኪና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ በሆዷ ተኝታለች። ውስጧ ሦስት ሽማግሌዎች ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል። አጠገቧ አስፋልቱ ላይ በደረቱ የተኛው እኔ ነኝ፤ ክሪክ የሚገባበት ክፍተት እየፈለግሁ ነው። ክፍተት የለም። እንዳይኖር አድርጌ የሠራኋት ራሴ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ የተላኩት ለእኔ ነው። ግቢው የማህሌት አባት ግቢ ነው። ማህሌትን ስጡን ተብለው የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። በወጉ ከሄድን እኔ በዚያ ቀን በዚያ ደጅ ዝር ማለት አልነበረብኝም። አግቢ ሽማግሌ ልኮ ራሱ ደጅ ላይ አይጋደምም። አባቷ መልኬን እንኳ አያውቁትም ነበር፤ ያን ያህል ተጠንቅቀን ነው የከረምነው።

እኔ የታዘብኩት ነገር አለ። ሰው መኪና ሲገዛ ስለ ሞተሩ ያስባል፤ ሲያሳምር ግን የሚያስበው በረንዳ ላይ ቆሞ ስለሚያየው ጎረቤት ነው። ቦሌ መንገድ ላይ የጎማ ቸርኬ እንደ ወርቅ ሐብል በመስታወት ውስጥ ተሰቅሎ የሚሸጠው ለምንድን ነው? መኪና መስታወት አታይም። የምናየው እኛ ነን። እኔ ትምህርት ቤትን በጊዜ ተሰናብቼ ኑሮዬን መለዋወጫ በማፈላለግ የመሠረትኩ ሰው ነኝ፤ ከገርጂ እስከ ቡልቡላ የጠፋ ዕቃ ካለ እኔ ጋ ይደወላል። እንዲህ ያለ ሰው በቸርኬ ይታለላል ብላችሁ ታስባላችሁ? እኔም አላሰብኩም ነበር።

መኪናዋ የጋሽ ሙሉጌታ ናት። ጋሽ ሙሉጌታ የገርጂ ጎረቤቴ ናቸው፤ አባቴ ካረፈ ወዲህ ለእኔ ነገር የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። መኪናዋ የጀርመን ሥሪት ናት፣ ሁለት በር፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፤ ነዳጅ ስትረግጡላት ግን ጀርባችሁን ወንበሩ ላይ የምትለጥፍ ጉልበተኛ ናት። ሞላዎቿ ደክመው፣ ጎማዎቿ ተሰነጣጥቀው በሸራ ሥር ስትኖር ቆይታ፣ የሽምግልናው ቀን ሲቆረጥ ጋሽ ሙሉጌታ ጠሩኝና ለልጄ ጉዳይ በኮንትራት ታክሲ አልሄድም፣ እንደ ድሮዋ አድርግልኝ አሉ። እንደ ድሮዋ። ቃሉ ግልጽ ነበር፤ የሰማሁበት ጆሮ ነው ችግሩ።

እንደ ድሮዋ ለማድረግ የሚያስፈልገው ቀላል ነው። ትንሽ ቸርኬ፣ ወፍራም ጎማ፣ ከፍ ብሎ ለስለስ ያለ ሞላ። እሱም ተገኝቷል፤ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። አጠገቡ ግን ሌላ ነበር። ፓራፋንጎውን ሞልቶ የሚቀመጥ ሰፊ ቸርኬ፣ ከስስነቱ የተነሳ ጎማ ሳይሆን ጥቁር ቀለም የተቀባ የሚመስል ጎማ፣ መኪናዋን መሬት የሚያስልስ አጭርና ደረቅ ሞላ። ጎሚስታው ቢላል ጓደኛዬ ነው፤ ያማክረኛል ብዬ ብጠራው ከእኔ ብሶ አገኘሁት። ቸርኬውን በክርኑ ወልውሎ ፊቱን አየበትና፣ «ብራዘር፣ ይሄን አስረህ ሰሚት ብትገባ አባቷ አንተንም ለሌላ እንዳትሄድ ያስሩሃል» አለኝ። የዚህ ዓይነት ምክር ነው እንግዲህ።

በዓይነ ሕሊናዬ ያየሁት ሌላ ምንም አልነበረም። አባቷ በመስኮት ብቅ ይላሉ፣ ያቺ ቀይ መኪና ዝቅ ብላ፣ ቸርኬዋ ፀሐይ እየረጨ ትደርሳለች፣ እሳቸውም የዚህ ልጅ ወገን ቀላል ሰው አይደለም ይላሉ። አጭሩን ሞላ አሳሰርኩ። ጋሽ ሙሉጌታ ዞር ዞር ብለው አዩና ትንሽ አልሰመጠችም ወይ አሉኝ። ዘመኑ ነው፣ ጋሼ፣ መንገድ እንድትይዝ ነው አልኳቸው። አመኑኝ። ዛሬ ከሁሉ የሚከነክነኝ ያ እምነታቸው ነው።

መሞከሩን ሞክሬያታለሁ። ቦሌ አስፋልት ላይ ለብቻዬ እንደ ውሃ ፈሰሰች። ሽማግሌ ጭኜ ግን አልሞከርኩም። የትኛው መካኒክ ነው ሽማግሌ ጭኖ የሚሞክር?

ሽማግሌ ደግሞ ተበታትኖ አይገባም። አብሮ ሄዶ፣ አብሮ ደጅ ቆሞ፣ አብሮ ነው አፍ የሚከፍተው። ስለዚህ ጋሽ ሙሉጌታ መሪውን ያዙ፤ ከጎናቸው ሃጂ ሰይድ ተቀመጡ፤ እሳቸው የወሎ ሰው፣ የሰፈራችን ባለሱቅ፣ ሲቀመጡ ወንበር የሚያስጨንቁ ደግ ሰው ናቸው። ከኋላ ባለችው የሕፃን ቦታ የእድራችንን ዳኛ ነጠላቸው ሳይጨማደድ ለማስገባት የተደረገው ትግል ራሱን የቻለ ሽምግልና ነበር። እኔ ቀድሜ ሄጄ ማዞሪያው ጋ ጁስ ቤት ተቀምጬ ጥፍሬን እበላለሁ። ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው። ድምፃቸው ዝግ ብሎ፣ «ና እስቲ፣ ተቀምጠናል» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ እንዴት ሳይቆሙ ተቀመጡ፣ ምን ዓይነት ደግ ቤተሰብ ነው አልኩ። የተቀመጡት ጉብታው ላይ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ደርሳችሁበታል። ክሪኩ አልገባ አለ። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አወጣናቸው፤ ሃጂ እግራቸው ደንዝዞ ኖሮ ማዶ ካለው ሱቅ አግዳሚ ላይ ሄደው ሲያሹት ቀሩ። መኪናዋ ሸክሟ ሲቀንስ ትንሽ ቀና አለች እንጂ አልለቀቀችም። በዚህ መሐል የግቢው በር ተከፈተ።

የልጅቷ አባት ሽማግሌ ሲመጣባቸው ኮስተር ብለው ሳሎን ይቀመጣሉ፤ ሽማግሌውን ያስቆሙታል፣ ያስጠብቁታል፣ ደጋግመው ያመላልሱታል። የማህሌት አባት አቶ ንጉሤ ግን በሸበጥና በሙሉ ልብስ፣ ሁለት ጣውላ ታቅፈው ብቅ አሉ። ጉብታው ለካ የሳቸው ነው። ጎረምሶች በሰፈሩ እየከነፉ ሲያስቸግሩ ጎረቤቱን አስተባብረው፣ ሲሚንቶውን በእጃቸው አቡክተው የሠሩት ነው። ጉብታውን በሸበጣቸው እያንኳኩ፣ «እሷን የሚያልፍ ቀስ ያለ ሰው ብቻ ነው» አሉ፤ እንደ ልጃቸው ነው የሚያወሩላት።

እኔን ሲያዩ ጋሽ ሙሉጌታ ፈጠን ብለው፣ «መካኒክ ነው፣ ስልክ ደውዬለት ነው የመጣው» አሉ። ግማሹ ውሸት አይደለም። አንገቴን ደፍቼ ጣውላውን ከጎማው ሥር አስገባሁ፤ አራታችን ገፋን፤ አቶ ንጉሤ ሸበጣቸው እስኪያመልጥ ገፉ፤ መኪናዋ ሆዷን ፋቅ አድርጋ ወረደች። እዚህ ላይ አመስግኜ መሄድ ነበረብኝ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ቸርኬውን አዩና፣ «አንተ ልጅ፣ ይህን ያደረገው ማን ነው?» አሉኝ። ጋሽ ሙሉጌታ ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን ማየት ጀመሩ።

«አንድ ሰውዬ ነው» አልኩ። ምን ዓይነት ሰውዬ ሲሉኝ አላውቀውም ብል ምን ነበረበት? መካኒክ መምሰል አለብኝ ብዬ አንደበቴ ተፈታ። ለታይታ የሚኖር ሰው ነው አልኳቸው። ውስጧ ማን እንደሚቀመጥ ሳያስብ ከውጭ እንዴት እንደምትታይ የሚጨነቅ። የሰው ንብረት ሲሰጡት የራሱን አምሮት የሚወጣበት። «እንዲህ ላለ ሰው ምንም ነገር በአደራ አይሰጥም፣ ጋሼ» ብዬ ደመደምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አምሮልኝ ተናግሬ አላውቅም። አቶ ንጉሤ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው አዋቂ ልጅ ነህ አሉኝና እንግዶቻቸውን ይዘው ገቡ። ሃጂም እያነከሱ ተከተሏቸው።

ውጭ ቀርቼ ከሥሯ የሚንጠባጠበውን ዘይት በጨርቅ እጠርጋለሁ። አባቷ ወደዱኝ እያልኩ ነው የምጠርገው። ማህሌት ከላይ በመጋረጃው መሐል አየችኝ፤ አፏን በእጇ ያዘች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም። ያንን ከፍ ያለውን ሞላ ባሳስር ኖሮ እኮ አሁን ጁስ ቤቴ ተቀምጬ ነበር። ሽማግሌዎቼ ወጋቸውን ጠብቀው ቆመው፣ አባቷም ኮስተር ብለው፣ ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ ይሆን ነበር። ለጥቂት ጣት ቁመት ብዬ።

በሩ እንደገና ተከፈተ። አቶ ንጉሤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዘውልኝ መጡ። እስክጠጣ ቆመው ጠበቁ፤ ብርጭቆውን ተቀበሉኝ፤ ሽማግሌዎቹ እንዳይሰሟቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ጉድ ልንገርህ» አሉኝ። «ልጃችሁ ሥራው ምንድን ነው ብላቸው፣ እኚያ ሃጂ በኩራት፣ የዚችን መኪና ቸርኬና ሞላ የመረጠላት እሱ ነው አሉኝ። አንተ ቀድመህ ባትነግረኝ ኖሮ እኮ እሺ ልላቸው ነበር።»