ደብዳቤ ስኳር አያወርድም

በየሰፈሩ ማንም ሳይሾማት ሁሉን የምታዝ አንዲት ሴት አለች። እናንተ ሰፈር ከሌለች፣ እመኑኝ፣ ቤት ቀይራ እኛ ጋ ጂንካ መጥታለች።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ብርነሽ ይባላሉ፤ የስኳር ድንች ጠቅላይ አዛዥ። ፍየሌ አንድ ቀን ከማሳቸው ቅጠል ብትቀነጥብ የግቢዬን በር ሊገነጥሉት ደረሱ። "ቅጠል መሰለህ የበላችው? ወጥ ቤቴን ነው! ስኳሩ የሚሠራው እዚያ፣ የሚከማቸው ታች ሥሩ ላይ!"

ሐረጉ እየተሳበ በደረሰበት ሥር ሲሰድ ካዩማ አለቀለት፤ ነቅለው ያነሱታል። "ይሄ እንደ ሹፌር ባል ነው። ቱርሚ ከተማ አንድ ጎጆ፣ ሃና ከተማ አንድ ጎጆ፤ ለቤቱ ምን ሊተርፈው?" ባለቤታቸው ሹፌር ነበሩ፤ እኛም ከዚህ በላይ አንጠይቅም።

ሰማዩ ሲደምን ለቅጠሉ ያዝናሉ፤ ዝናብ ሲበዛ ይሰድቡታል። "ጠገበ! ለራሱ ብቻ ይለመልማል፣ ወደ ታች የሚልከው የለም!" አንድ የግብርና ባለሙያ ሊያስተምራቸው መጥቶ ማስታወሻ ይዞ ሄደ።

አምና ግን ነገሩ ከረረ። ዝናቡ ሳያባራ ከርሞ፣ ድንቹ ጣት እንኳ ሳያክል፣ እኔ የምሠራበት የግብርና ጽሕፈት ቤት የመስክ ቀን አዘጋጀ። የእሳቸው ማሳ "በሞዴልነት" ተመረጠ። እንግዶች ፊት ይቆፈራል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ፎቶ አንሺው እኔ እውነቱ ነኝ። ወይዘሮ ብርነሽ ደግሞ በጋውን ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚሻገሩት በዚያው ማሳ ነው። አሁን ከተቆፈረ ሦስት ወር ጦም ማደር ነው።

በዕለቱ ጠዋት ስንደርስ ወይዘሮ ብርነሽ የድንቹ መደብ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

"እትዬ፣ ይነሱ እንጂ! ደብዳቤ እኮ ደርሶዎታል" አላቸው ኃላፊያችን ሙሉቀን።

"ደርሶኛል። ደብዳቤ ስኳር አያወርድም! ፀሐይ ከወጣች ሳምንቷ ነው፤ ቅጠሉ ማውረድ የጀመረው አሁን ነው። ስድስት ሳምንት ስጡኝ፤ አለዚያ እኔንም አብራችሁ ቆፍሩኝ!"

"ኧረ እንግዶቹ ካኮ ከተማን አልፈዋል፣ ሊደርሱ ነው!"

"እሰይ! መቀመጫው ሰፊ ነው።"

ሙሉቀን ላብ በላብ ሆኖ ወደ እኔ ዞረ። "እውነቱ፣ ጎረቤትህ አይደሉ? በል አንሳቸው!"

ዐሥር ዓመት ስቀልድባቸው የኖርኩት ሴትዮ፣ ለካ እወዳቸዋለሁ። ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ካሜራዬን አውጥቼ አነሳኋቸው፤ በፊት ለፊት አንድ፣ በጎን ሁለት። ከዚያ ሄጄ አጠገባቸው ዘፍ አልኩ።

"ሱሪህ ይጨቀያል" አሉኝ።

"ይጨቅይ!"