ክቡር ሂርሲ የቀድሞ

ጦርነት በረገጠው ከተማ ሁሉ ቅድሚያ የሚገባው አንድ ሰው አይጠፋም። ቤቱ ጣሪያ አይኖረው ይሆናል፣ ሱሪውን በገመድ ያስር ይሆናል፣ ሰልፍ የሚባል ነገር ግን እሱን አይመለከተውም። ለእኛ ለሀርጌሳዎቹ የዳሚ ሰፈር ሰዎች የደረሱን ክቡር ሂርሲ ናቸው። "ናቸው" ያልኩት በራሳቸው ጥያቄ ነው። ከዚህ በኋላ ግን "ነው" እላለሁ፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታሞች ነን።

ሂርሲ ሰባት ዓመት በረሃ የታገለ ሰው ነው። ሀርጌሳ ነጻ ወጥታ፣ መንግሥት በሁለት ክፍልና በአንድ ማኅተም ሲቋቋም፣ "ጠመንጃውን ያስረከበ ታጋይ ካርድ ይሰጠው፣ ሥራ ሲገኝም ይቅደም" ተባለ። ሂርሲ ጠመንጃውን አስረከበና ካርዱን ተቀበለ። ሥራው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልመጣም። መንግሥት ያለው ወንበር አራት ነበር፤ ታጋዩ ደግሞ አገር ምድሩን ሞልቶታል።

እስከዚያው ቅድሚያው እንዳይዝግበት በሌላ በሌላው ይለማመድ ጀመር። የውኃ ቦቴ ሲመጣ ጀሪካኑ ከቦቴው ቀድሞ ይደርሳል። ፀጉር ቤት ግማሽ ጢሙ የተላጨ ሰው አስነስቶ ተቀምጧል። አንድ ጊዜማ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ጉንጩ ያበጠውን ሁሉ አልፎ ወንበሩ ላይ ወጣ፤ ጥርሱን እንደማያመው ትዝ ያለው አፉን ከከፈተ በኋላ ነው። "ወላሂ ሰልፍ ሳይ ይጎተጉተኛል" አለ ሲወጣ፤ "ቅድሚያ ካለሽ መጠቀም ነው!"

አማርኛውን የለቀመው ከጅጅጋና ከሐረር ነው። ወንዱንም ሴቱንም "አንቺ" ይላል። የኔን ሶማልኛ ሲሰማ ደግሞ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ በዚህ አቻ ለአቻ ነን።

አንድ ቀን ካርዱን አሳየኝ። ማንበብ ስላልቻልኩ፣ ድሬዳዋ ያደገችው ሻይ ሻጯ ዒዲል አየችልኝና "የቀድሞ ታጋይ ይላል" አለች። ካርዱ ላይ ያለው ቃል "ሆሬ" ነው። ሆሬ በሶማልኛ "የድሮ" ማለትም ነው፣ "ፊት" ማለትም ነው። ሂርሲ ከሁለቱ የቱን እንደመረጠ መናገር አያስፈልግም።

"የቀድሞ!" አለ ዓይኑ በርቶ። "እውነት ነው! ቀድሞ የሚገባ!"

ዒዲል ልታርመው አፏን ከፈተች። በዓይኔ ከለከልኳት።

ምክንያት ነበረኝ። እኔም የቀድሞ ነኝ። አሥር አለቃ አየነው፣ የቀድሞው ሠራዊት፣ ሞተር ጥገና። በሰማንያ ሦስት ግንቦት ሠራዊቱ ሲበተን ይቺ ቃል ከስማችን ፊት ተለጠፈች። ሥራ ፍለጋ በሄድኩበት ሁሉ "የት ሠርተሃል?" ይሉኛል። "ሠራዊት።" "የቀድሞው?" ይላሉ። "አዎ" ስል እስክሪብቷቸውን ያስቀምጣሉ። እስክሪብቶ ሲቀመጥ የሚሰማውን ድምፅ እኔ ከመድፍ ለይቼ አውቀዋለሁ። በመጨረሻ በቶጎ ውጫሌ ድንበሩን በእግሬ ተሻገርኩና እዚህ የፈረሰ ግድግዳ እየጠገንኩ መኖር ያዝኩ። ይህን ያወራሁት ለሂርሲ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር የሂርሲ ተራ ደረሰ። የታጋዮች ጉዳይ ኃላፊ አቶ ዓብዲወሊ አስጠርተው፣ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ያለው የውኃ ፓምፕ ሠራተኛ አደረጉት። ፓምፑ ከተማዋ በቦምብ ከተደበደበችበት ጊዜ ጀምሮ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። "እስከ ቅዳሜ ካልተነሳ ሥራው ለሚቀጥለው ተራ ይሰጣል" አሉት።

ሂርሲ አራት ልጆች አሉት፤ ጠመንጃም የለውም። ሞተር የሚያውቀው ደግሞ ከሩቅ ሆኖ ሲተኩስበት ነው። ረቡዕ ጠዋት በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንኳኩቶ።

"አየነው፣ ሞተር ታውቂያለሽ አይደል?"

ሦስት ቀን ሠራሁ። እሱም ረዳኝ፤ ማለትም አሥራ አራት ቁጥር መፍቻ ስለው መዶሻ ያቀብለኛል፣ ናፍጣ ስለው ሻይ ያመጣል። ማጣሪያው አሸዋ ጎርሶ፣ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝልም ተደፍኖ ነበር። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሳ። ከቧንቧው መጀመሪያ ዝገት፣ ቀጥሎ ጭቃ፣ ከዚያ ውኃ ወረደ። ጀሪካን ይዘው የመጡት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት።

አቶ ዓብዲወሊ መዝገባቸውን ይዘው መጡ። ሂርሲ ማድረግ የነበረበት ዝም ብሎ መፈረም ነው። "ስሜን እንዳታነሳ" ብዬ ለምኜዋለሁ። በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ተኩስ በሚሰማበት ሳምንት፣ የሰው አገር ወታደር መሆን የሚያስመካ ነገር አልነበረም።

"ሞተሩን ያስነሳው ይሄ ነው" አለ ሂርሲ፣ ትከሻዬን ይዞ ወደ ፊት እየገፋኝ። "እሱን ጻፉ!"

"ሕጉ ለታጋዮች ነው" አሉ አቶ ዓብዲወሊ።

"እሱም የቀድሞ ነው! ንገሪው እንጂ፣ አየነው!"

አቶ ዓብዲወሊ ሐረር የተማሩ ሰው ናቸው። ወደ እኔ ዞረው ጥርት ባለ አማርኛ "የምን የቀድሞ?" አሉኝ።

"የቀድሞው ሠራዊት፣ ጌታዬ" አልኩ።

አቶ ዓብዲወሊ ቃሏን ያውቋታል፤ ምን እንደምትሠራ ያውቃሉ። እስክሪብቷቸው ወደ መዝገቡ ዝቅ ሲል አየሁና ድምፁን መጠበቅ ጀመርኩ።

"ሰማሽ?" አለ ሂርሲ፣ ፊቱ በኩራት ወዝቶ። "እኔ አንድ ታጋይ ነኝ። እሱ ሠራዊት ነው! ሠራዊት ሙሉ የቀድሞ! እሱ ፊት ይጻፍ፣ እኔ ከኋላው እቆማለሁ።"

ሂርሲ ከሰው ኋላ ለመቆም ሲስማማ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አቶ ዓብዲወሊ መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ቀጥሎ በሙሉ አፋቸው ሳቁ። እስክሪብቶው አልተቀመጠም። አንድ ደመወዝ ነው፣ ለሁለት ትካፈላላችሁ አሉና ጻፉ፤ መካኒክ አየነው፣ ከሥሩ ጠባቂ ሂርሲ። ከሁለታችንም ስም አጠገብ፣ አንድ ዓይነት አድርገው፣ "ሆሬ" ብለው ሞሉ።

ዒዲል አሁንም ሻይ በቀዳችልኝ ቁጥር "ለምን አታርመውም? ሰው ይስቅበታል እኮ" ትለኛለች። ይሳቅበት። እኔ ሂርሲን እወደዋለሁ። አገሬ ሙሉ ያቺን ቃል በሬን ለመዝጋት ሲጠቀምባት፣ በትክክል ተርጉሞ ያስገባኝ እሱ ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት ፓምፑ ጋ ስደርስ ሰልፉ እስከ መንገዱ ነበር። ሂርሲ ዱላውን እያወዛወዘ ሴቶቹን አስጠጋ።

"ዞር በሉ!" አለ። "የቀድሞ መጥቷል!"

ጀሪካኔን አንስቼ፣ ትንሽ አፍሬ፣ ወደ ፊት አለፍኩ።