የካፒታን ሰገራ ምርመራ

በአንድ የፔሩ ወደብ እንደ ዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤቱ ሥራ አስኪያጅ እንደ ሴኞር ቴዎዶሚሮ ለንጽሕና የተቆረቆረ ሰው አልታየም። ጠዋት ጠዋት ከጀልባ የወረደ ጥሬ ዓሣ ይበላሉ፤ ሌላው ሰው ሎሚ ሲያርከፈክፍበት እሳቸው «ሎሚ ዓሣን መስደብ ነው» ብለው እንዲሁ ይውጡታል። ስለዚህም የመሥሪያ ቤቱ ድመት ካፒታን ሆዱ ተበላሽቶ የእንግዳ መቀበያውን ምንጣፍ ባጨማለቀ ዕለት አስቸኳይ ስብሰባ መጠራቱ ተገቢ ነበር።

«የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ በመካከላችን ትል ተሸካሚ አለ። የድመቱ ሰገራ ይመርመር፤ ትል ከተገኘበት ከግቢው ይውጣልን» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

የመዝገብ ቤቱ ኤሊሴዮ ብድግ አለ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ምሳ አብሮት የሚበላ ካፒታን ብቻ ነው።

«ጌታዬ፣ ድመቱ ብቻ ለምን? ከእኛ ተጋብቶበት ቢሆንስ?»

የሥራ አስኪያጁ ታላቅነት የሚታየው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው።

«እዚህ ቤት ከሕግ በላይ የሆነ የለም! ሁላችንም እንመረመራለን፤ ከእኔ ይጀመር። ትል የተገኘበት፣ ባለ ሁለት እግር ይሁን ባለ አራት፣ እስኪድን ግቢውን አይረግጥም።»

ተጨበጨበ።

የሰዎቹ ናሙና ወዲያው ተሰበሰበ። ለካፒታን ግን ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በአሸዋ ሳጥኑ ዙሪያ ወንበር አስቀምጦ ተሰየመ። ካፒታን ኮሚቴውን አየ፤ ኮሚቴው ካፒታንን አየ።

«ሆን ብሎ ነው እምቢ ያለው» አለች ገንዘብ ያዥዋ ዙልሚራ።

«አንቺስ ብትሆኚ፣ እንዲህ ከበን እያየንሽ?» አላት ኤሊሴዮ።

ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ሥራውም ተሳካ።

ሰኞ ዕለት የላቦራቶሪዋ ዶክተር ኖርካ መጣች።

«ድመቱ ትል የለበትም። ሆዱን ያበላሸው ወተት ነው። ማነው የሚሰጠው?»

«እኔ፣ ከቆርቆሮ ወተቴ ጠብ አደርግለታለሁ» አለች ዙልሚራ።

«እኔም ጠብ» አለ ዘበኛው።

ለካስ ሁሉም እየተደበቀ ያጠጣው ኖሯል። ኤሊሴዮም አንገቱን ደፍቶ እጁን አወጣ።

«ታዲያ ትል የለም ማለት ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ቅር ብሏቸው።

«አለ እንጂ። ያውም ረጅም። ጥሬ ዓሣ የሚወድ ሰው ሆድ ውስጥ የሚያድግ ዓይነት ነው።»

ሁሉም ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ባርኔጣቸውን አነሡ። ዘበኛው በአክብሮት በሩን ከፍቶ «እስኪድኑ ድረስ ነው፣ ጌታዬ» አላቸው።

ኤሊሴዮ መዝገብ ሊያስፈርም እንደ ልማዱ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሲገባ ካፒታን በትልቁ ወንበር ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አላስነሣውም። በዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ሁሉ ንጽሕናው በምርመራ የተረጋገጠለት የመጀመሪያው እሱ ነበር።