ሐኪም ዙበይዳ ክኒን ሲያካፍሉ

ሐበሻ የሚኖርበት ሕንፃ ሁሉ ያልተማረ ሐኪም አያጣም። ዓረብ አገር፣ ስዌይለህ ሰፈር ያለው የኛ ሕንፃ ሐኪም ክብርት ዙበይዳ ናቸው። ሕክምናን የተማሩት ረቢየህ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ የአንዲት ሐኪም መኖሪያ ቤት ስድስት ዓመት ሲያጸዱ ነው። ማዳማቸው የዓይን ሐኪም መሆኗ ከጨጓራም ከወሊድም አላገዳቸውም።

«ክሊኒክ ምን ያደርግልሻል? እኔ እያለሁ!» ይላሉ።

ባለቤቴን ሀሩንን ወገቡን ሲያመው ሁለት ቀን ዓይኑን ጨፍኖ እንዲተኛ አዘዙለት። እሱ ዳነ፤ ከከተማው ውጭ ሳሃብ ያለው የፋብሪካ አለቃው ግን እስካሁን አልተሻለውም። ኮሮና ሲመጣ ደግሞ ደረጃው ላይ ቆመው የወጪ ገቢውን ግንባር በእጃቸው ጀርባ ይነኩ ጀመር። በሽታው በንክኪ እንደሚተላለፍ ብንነግራቸው፣ «ለዚህ እኮ ነው በእጄ ጀርባ የምነካው» አሉ።

በዚያ መጋቢት ሰዓት እላፊ ታወጀ። ሳሃብ እየሰነበቱ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ የሚመጡ ባሎቻችን ቤት ዋሉ። የወሊድ መከላከያ የምንወስድበት ክሊኒክ ተዘጋ፤ የሰፈሩ ፋርማሲም ክኒኑ ከወር በፊት እንደማይገባ ነገረን። እኔ ሦስተኛ ልጄን በቀዶ ጥገና ከተገላገልኩ ገና አራት ወሬ ነበር። ሐኪሟ፣ የተማረችዋ፣ «ሁለት ዓመት ሳይሞላሽ ብታረግዢ ለሕይወትሽ ያሰጋል» ብላኛለች። ሀሩንን ሳየው እፈራ ጀመር። ደግ ባል ነው፤ ችግሩም እሱ ነበር።

ዙበይዳ ይህን ሰምተው አንድ እሽግ ክኒን ይዘው ከች አሉ። «ማዳሜ ሁለት ልካልኛለች፣ ወላሂ! ለእኔ አንዱ ይበቃኛል» አሉና እሽጉን በመቀስ እኩል ቆርጠው ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን አጠገቤ ለነበረችው የላይ ፎቅ ጎረቤቴ ለብርቱካን ሰጡ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ በየቀኑ የሚዋጥ ነው። ግማሹ አይሠራም» አልኳቸው።

«አንድ ቀን ዋጪ፣ አንድ ቀን ዝለይ። ኸላስ! እኔ እያለሁ!»

ብርቱካን እሳቸው እስኪወጡ ጠብቃ ድርሻዋን እጄ ላይ አስቀመጠች። «የተሰፋሽው አንቺ ነሽ፣ ውሰጂው። እኔ ፊልጶስን ሶፋ ላይ አስተኛዋለሁ» አለች። ምስኪኑ ባሏ ወሩን ሶፋ ላይ ጨረሰ። ከዚያ ለፋርማሲው ክኒን ገባለትና ሁለታችንም ተረፍን።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ክሊኒኩ ሲከፈት ሦስታችንም ሄድን። ነርሷ ዙበይዳን መርምራ የሁለት ወር እርጉዝ መሆናቸውን ነገረቻቸው። ስድስተኛ ልጃቸው ነው።

«መጋቢት ላይ አንድ እሽግ ሰጥተንሽ ነበር እኮ! ምን አደረግሽው?» አለቻቸው፣ ካርዳቸውን እያገላበጠች።

 

«እትዬ፣ ማዳም ሁለት ላከችልኝ ብለውን አልነበር?» አልኩ።

«ማዳም ስልኬን እንኳ አታነሳም» አሉ ወለሉን እያዩ። «የነበረችኝ ያቺው አንዷ ናት። እኔ አምስት ወልጃለሁ፤ ሆዴ መንገዱን ያውቃል። አንቺ ብትሞቺ ግን እነዚያን ሦስት ልጆች ማን ሊያሳድግልሽ ነው? እኔው ነኝ!»

ኮሮናውን ረስቼ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። የምወዳቸውን ያህል የምወደው ሐኪም የለኝም። እሳቸው ግን በትከሻዬ ላይ አሻግረው፣ ለነርሷ ደም ግፊት እንዴት እንደሚለካ በዓረብኛ ያስረዱ ነበር።